ሞዴል 19 የተሞላለት ተራራ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዘውድነሽ አሥራት
ዕድሜ፦ 36 ዓመት
ሥራ፦ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ፣ የመለዋወጫ ዕቃዎች ማደራጃ ጽሕፈት ቤት
አድራሻ፦ አሰብ ሰጊር፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፤ የቤት ቁጥር የማይነበብ (ጨው በልቶታል)
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ጥር 18 ቀን 1975 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሃምሳ አለቃ ይልቃል ወልዴ
ተጠርጣሪ፦ አቶ ፍቅሬ ወሰኔ፣ ዕድሜ 55፣ የግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩ
የተጠረጠሩበት ነገር፦ ያለ ፈቃድ ሕዝብ መሰብሰብ፤ የወደቡን ንብረት ከከፍታ ላይ ለመቁጠር ማሰብ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሻይ ቀርቦልኝ፣ ሻዩም ስኳር በዝቶበት፣ የማውቀውን ለመናገር በጣቢያው ተገኝቻለሁ። የጣቢያው ጸሐፊ በወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ሃምሳ አለቃ ይልቃል በአንድ ጣት ይመታሉ፤ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ፈልገው እስኪያገኙ ሻዩ ቀዝቅዟል። ስለዚህ እኔው እየተናገርኩ እኔው እንድመታው፣ እሳቸው ደግሞ ከትከሻዬ በላይ ሆነው እንዲያነቡ ተስማምተናል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቃል ዋጋ እንደሌለው አስቀድመው ስላስጠነቀቁኝ፣ አንዴ የተመታው እንደ ተመታ ይቀራል።

ተጠርጣሪውን አቶ ፍቅሬን የማውቃቸው በጽሕፈት ቤቱ ከተቀጠርኩበት ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። እሳቸው ግን አሰብ ከመጡ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከግምጃ ቤቱ ርቀው አያውቁም፤ ቁልፉ ወገባቸው ላይ ነውና። እሑድ ወጥተን ዓሣ እንብላ ሲባሉ «ቁልፉን ለማን ሰጥቼ?» ይላሉ። ባሕር ዳር ነፋስ እንቀበል ሲባሉ «ቁልፉን ጨው ይበላዋል» ይላሉ። ከከተማው በስተምዕራብ ያለውን ጥቁር ተራራ ግን በየማለዳው ከግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያዩታል። «ከዚያ ላይ ሆኖ አሰብን ማየት ነበር» ይላሉ። ከዚያ በሩን ከፍተው ይገቡና ቡሎን ይቆጥራሉ። ይህን ስንት ጊዜ ሰማሽ ብባል ቁጥሩን አላውቅም፤ እሳቸው መዝግበውት ይሆናል።

አቶ ፍቅሬ በዚህ ወር ጡረታ ወጥተዋል። ሐሙስ ጥር 12 ቀን ቁልፉን ለተተኪያቸው አስረክበዋል። ቅዳሜ ጥር 21 ቀን በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሊጓዙ ቦታ ይዘዋል፤ እሑድ ጥር 29 ቀን ደግሞ እዚያ አንዲት ልጃቸውን ባዩሽን ይድራሉ። የልጅቱ እናት በሕይወት የሉም። አባትየው ቅዳሜ መኪናው ላይ ካልወጡ በሠርጓ ቀን ጉልበቱን የምትስመው ወላጅ አይኖርም። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ብለውኛል። ሆኖም ተመትቷል።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጣው ስለሺ ነው። ስለሺ በጽሕፈት ቤታችን የዕቅድ ሠራተኛ ሲሆን ያለ ዕቅድ ፀጉሩን አይቆረጥም። ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ የቁልፉ ርክክብ እንዳለቀ፣ በግምጃ ቤቱ ግቢ ጥላ ሥር አራት ሰዎች ነበርን፤ አቶ ፍቅሬ፣ ስለሺ፣ እኔና ዘበኛው ሁመድ። አቶ ፍቅሬ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ወገባቸውን ይዳብሳሉ። ቁልፉ የነበረበት ጎን ቀሏቸው ወደ ሌላው ያዘነበሉ ይመስሉ ነበር። ስለሺ ይህን አይቶ «ጋሼ ፍቅሬ፣ የፊታችን እሑድ ተራራዎ ላይ እናወጣዎታለን» አለ። አቶ ፍቅሬ በልማድ «ቁልፉን ለማን…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ከዚያ «ይሁን» አሉ። ወንጀሉ የተጠነሰሰው በዚህ «ይሁን» ላይ ከሆነ እኔም ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ዝም ብያለሁ።

ሁመድ የዚያው አገር ሰው ነው፤ ተራራውን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ስለሺ የኩሽኔታ ካርቶን ቀዶ በጀርባው ላይ ዕቅዱን መጻፍ ጀመረና ጠየቀው።

«መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት።»

«ሁለት ለማን?»

«ለፍየል።»

«ለሰውስ?»

«ለሰው ሦስት። ለቢሮ ሰው አራት።»

ስለሺ አራት ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ውሃ በነፍስ ወከፍ አራት ሊትር አለ። ሁመድ «ለእኔ አንድ ይበቃኛል» ሲል ስለሺ «ዕቅድ እኮ ነው ሁመድ! በዕቅድ ውስጥ ሰው ከሰው አይለይም» አለው። «እሺ፤ ትርፉን ማን ይሸከመዋል?» «አንተ።» በዚህ ዓይነት ዕቅዱ በግማሽ ሰዓት አለቀ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከታክሲ ማቆሚያው መነሣት፤ ከጧቱ 3 ሰዓት ጫፍ መድረስ፤ እስከ 4 ሰዓት ወደቡን፣ ከተማውንና ደሴቶቹን ማየት፤ ዳቦ፣ ሰርዲንና ብርቱካን መብላት፤ ፀሐዩ ሳይከር መውረድ። አቶ ፍቅሬ በዚህ ሁሉ መሐል የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከላይ ሆኜ ቤቴ ይታየኛል?» አሉ። ሁመድም «ዓይን ላለው ይታያል» አላቸው። በዕለቱ ስለ መንግሥት፣ ስለ ድንበር ወይም ስለ ጅቡቲ የተነሣ ወሬ አልነበረም። ስለ ሰርዲን ግን ክርክር ነበር፤ አቶ ፍቅሬ በዘይት የታሸገውን፣ ስለሺ በቲማቲም የታሸገውን ይወዳሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። ስለሺ ካርቶኑን ሰጠኝና «ለአራታችን አራት ቅጂ ምቺልን» አለኝ። እኔም ካርቦን አስገብቼ ቁጥር ሰጠሁት፤ ቀን ሰጠሁት፤ ጉዳዩ በሚለው ላይ «የአቶ ፍቅሬ ወሰኔን ጉዞ ይመለከታል» ብዬ መታሁና ዕቅዱን እንዳለ ገለበጥኩ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ግልባጭ የሌለው ወረቀት ከመኪናዬ ወጥቶ አያውቅም። ለእኅቴ ለዘነበች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ እንኳ ለአስተዳደር ክፍል ግልባጭ ነበረው። ስለዚህ አእምሮዬ ስለ ሰርዲኑ ሲያስብ እጄ ወደ ታች ወርዶ «ግልባጭ» አለና ዘጠኙን መሥሪያ ቤቶች በተለመደው ተራ ደረደራቸው፤ ቀበሌውን፣ የሴቶች ማኅበሩን፣ የወጣቶች ማኅበሩን፣ ጤና ጣቢያውን፣ የዕቅድ ክትትል ክፍሉን፣ ሌሎቹንም። ግልባጭ ያለው ወረቀት ደግሞ ወደ ፊርማ ይገባልና ከማኅደሩ ውስጥ አስገባሁት።

ዓርብ ጥር 13 ቀን ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ጓድ ፍቃዱ ሠላሳ ስምንት ደብዳቤ ፈረሙ። ስልክ በትከሻቸውና በጆሯቸው መሐል ይዘው ነበር። ከዚህኛው ላይ ሲደርሱ «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ። «የአቶ ፍቅሬ ነው» አልኩ። «እህ፣ ጡረታው» ብለው ፈረሙ። ማኅተም ተመታበት። ተላላኪያችን አበጀ ሌላ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሌላው ድረስ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ ያን ዕለት ግን ዘጠኙንም ከምሳ በፊት አድርሶ፣ በየመዝገቡ አስፈርሞ ተመለሰ። ለምን እንደ ቀናው እስከ ዛሬ አልገባኝም። መርማሪውም እንዲጣራ በቀይ አስምረውበታል።

ግልባጭ የሚላከው እንዲያውቁት ተብሎ ነው። ነገር ግን ግልባጭ ደርሶት ዝም ያለ መሥሪያ ቤት በግምገማ ላይ «ምን አደረግህ?» ይባላል። ስለዚህ ማንም ዝም አላለም። የዕቅድ ክትትል ክፍሉ ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መልስ ጻፈልን፤ ያለፈው ዓመት የተራራ አፈጻጸም በመቶኛ ተሰልቶ፣ የዘንድሮውም በየሩብ ዓመቱ ተከፋፍሎ በአስቸኳይ እንዲላክለት። ስለሺ ይህን ሲያነብ ለጽሕፈት ቤቱ የመጣ የተለመደ ጥያቄ መስሎት ሰባ ሁለት በመቶ ብሎ መለሰ። ከየት አመጣኸው ስለው «ሰባ ሁለት ማንንም አያስቆጣም» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ወ/ሮ ላቀች በቤቴ በኩል ሲያልፉ ልብስ እያጠብኩ ነበር። «ዘውድነሽ፣ መፈክሩ በቀይ ይጻፍ በነጭ?» አሉኝ። እኔ የትኛውም በዓል መፈክር እንደማያጣ ስለማውቅ የምን ብዬ ሳልጠይቅ «በቀይ፣ እትዬ ላቀች» አልኩ። ሁለተኛው ጥፋቴ ይኸ ነው።

እሑድ ጥር 15 ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከታክሲ ማቆሚያው ስደርስ አራት ሰው ልንሆን ስልሳ ሦስት ሰው ሆነን ተገኘን። የሴቶች ማኅበር መፈክር ይዟል። የወጣቶች ማኅበር ከበሮ ይዟል። ጤና ጣቢያው አንዲት ነርስና አንድ ቃሬዛ ልኳል። ውሃው በነፍስ ወከፍ አራት ሊትር ስለ ተባለ፣ ጄሪካኑ ብቻ ለአንድ ሻምበል ጦር ይበቃል። ስለሺ የሰዉን ብዛት እንዳየ «ይኼ በዕቅዱ ውስጥ የለም» አለና ሆዱን ያዘ፤ ነርሷም ቃሬዛው ላይ አጋደመችው። አቶ ፍቅሬ ግን የመጣው ሰው ሁሉ ሊሸኛቸው የወጣ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይኼ ሁሉ ሰው ለእኔ?» አሉኝ። እኔ በዚያች ሰዓት ከወ/ሮ ላቀች እጅ ላይ የራሴን ወረቀት፣ በወረቀቱም ግርጌ ዘጠኙን ግልባጭ አይቼ ነበር። አይደለም ለማለት ግን አፌ እምቢ አለኝ። «አዎን ጋሼ፣ ለእርስዎ ነው» አልኩ። ይህ ሐሰት ከሆነ በዚሁ ይመዝገብብኝ።

ወዲያው የጥበቃ መኪና መጣች። ከመኪናዋ የወረዱት የጥበቃ ኃላፊ የባትሪ መብራታቸውን መፈክሩ ላይ አበሩ። «ተራራውን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» ይላል።

«ከማን ነው የምታስለቅቁት?» አሉ ኃላፊው።

«ከተፈጥሮ!» አሉ ወ/ሮ ላቀች።

«ፈቃድ አላችሁ?»

«ግልባጭ አለን!»

«መሪያችሁ ማነው?»

በዚህ ጊዜ ኀምሳ ዘጠኝ ጣት ወደ አቶ ፍቅሬ ተዘረጋ፤ ስማቸው ጉዳዩ ላይ ነበርና። እኔ ጣቴን አላነሣሁም። ስለሺ ቃሬዛው ላይ ነበር። ሁመድ ጄሪካን ተሸክሞ ስለ ነበር እጁ አልተፈታም። ስልሳ ሦስተኛው ራሳቸው አቶ ፍቅሬ ናቸው፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥተው «እኔ ነኝ። ምን ጎደለ?» አሉ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኦዲተር በመጣ ቁጥር የሚሉት ይህንኑ ነው።

ኪሳቸው ሲፈተሽ አንድ ቅጠል ሞዴል 19 ተገኘ። መርማሪው ስለ ሞዴል 19 የማውቀውን እንዳስረዳ ጠይቀውኛል። ሞዴል 19 ማለት ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ የሚሞላ የመረከቢያ ደረሰኝ ነው። አቶ ፍቅሬ ያለሱ ምንም አይረከቡም። ሁመድ አንድ ቀን ዓሣ ቢሰጣቸው ዓይነትና ብዛት ጽፈው ቆርጠው ሰጥተውታል፤ ሁመድ ወረቀቱን ምን እንደሚያደርገው ጨንቆት ሌላ ዓሣ ጠቀለለበት። ባለቤታቸው እትዬ እቴናት በሞቱ ጊዜ የለቅሶውን ወንበሮች ቆጥረው የተረከቡት በሞዴል 19 ነው። ቁጥሩም ልክ ነበር። ስለዚህ የተራራውን ዕይታም ሊረከቡ ስለ ሆነ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብለው ሞልተውለታል። አስረካቢ፦ ተራራው። ተረካቢ፦ ፍቅሬ ወሰኔ። የዕቃው ዓይነት፦ አንደኛ መርከብ፣ ሁለተኛ ደሴት፣ ሦስተኛ የነዳጅ ዘይት ጋን፣ አራተኛ የቤቴ ጣሪያ። በብዛት ሥር የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ባዶ ናቸው፤ ላይ ሲደርሱ ሊሞሉ። በአራተኛው ላይ ብቻ አስቀድመው አንድ ብለዋል።

የጥበቃ ኃላፊው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «መርከብና ጋን ቆጥረህ ለማን ልታስረክብ ነው?» አሉ። አቶ ፍቅሬ «ለማንም። ተረካቢው እኔ ነኝ፤ ይኸው ተጽፏል» አሉ። ይህ መልስ ለግምጃ ቤት ሰው ሙሉ ነው። ለጥበቃ ሰው ግን አልበቃም። አቶ ፍቅሬ ተያዙ፤ ስልሳ ሁለታችን ወደየቤታችን እንድንበተን ተነገረን። ወጣቶቹ በልማድ ከበሮ እየመቱ ተበተኑ።

ሰኞ ጥር 16 ቀን ከጧቱ 2 ሰዓት ካርቦኑን ይዤ በራሴ ፈቃድ ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ። ሃምሳ አለቃ ይልቃል ካርቦኑን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና «ግልባጩን ያደረጉት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። «እጄ ነው» አልኩ። «ታዲያ እጅዎን ለብቻው ልሰረው?» አሉ። እኔም «ከታሰረ ሁለቱንም ይሰሩልኝ፤ አንዱ ብቻውንም ግልባጭ ያደርጋል» አልኩ። በዚህ ጊዜ ፈገግ ብለዋል። ፈገግ አላልኩም ቢሉም ተመትቷል።

ከዚያ ቁጭ ብለው ነገሩን አስረዱኝ። ከተራራው ጫፍ ላይ መርከብና ጋን መቁጠር የሚቻል ከሆነ ማኅደሩ ወደ በላይ አካል ይሄዳል፤ ወደ በላይ የሄደ ማኅደር በስንት ወር እንደሚመለስ እሳቸውም አያውቁም። መቁጠር የማይቻል ከሆነ ግን ፋይሉ እዚሁ ይዘጋል። ስለዚህ ነገሩን የሚቆርጠው ተራራው ነው አሉኝ። እኔም የደሴዋን ልጅና ቅዳሜን አሰብኩ። ቅዳሜ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ማክሰኞ ጥር 17 ቀን የቦታ ምርመራ ተደረገ። ለቦታ ምርመራ መነሻ ሰዓት፣ ስንቅና ውሃ መወሰን ስለሚያስፈልግ፣ ሌላ ዕቅድ ለማውጣትም ጊዜ ስላልነበረ፣ መርማሪው በኤግዚቢትነት የተያዘውን የስለሺን ዕቅድ እንዳለ ተጠቀሙበት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከታክሲ ማቆሚያው ተነሣን። ዳቦ፣ ሰርዲንና ብርቱካን ተይዟል። ሰርዲኑ በዘይት የታሸገው ነበር፤ የገዙት መርማሪው ሲሆኑ ተጠርጣሪውን አስቀድመው ጠይቀዋቸዋል። የሄድነው ሃምሳ አለቃ ይልቃል፣ አንድ ኮንስታብል፣ ተጠርጣሪው፣ መንገድ መሪው ሁመድና እኔ ነን። እኔ ያደረግሁት የላስቲክ ጫማ ነበር፤ ይህም በዕቅዱ ላይ ያልተጠቀሰ ብቸኛው ጉድለት ነው።

እስከ ተራራው ግርጌ በላንድሮቨር ሄድን። ከዚያ በእግር ጀመርን። አቶ ፍቅሬ ከኮንስታብሉ ጋር በአንድ ካቴና ታስረው ነበር። ድንጋዩ ጥቁርና የተሰባበረ ነው፤ ይንሸራተታል። ኮንስታብሉ ወደቀ፤ አቶ ፍቅሬ ያዙት። ሁለተኛ ወደቀ፤ ሁለተኛ ያዙት። በሦስተኛው መርማሪው ለኮንስታብሉ ደኅንነት ሲባል ካቴናው እንዲፈታ አዘዙ። ከዚያ በኋላ አቶ ፍቅሬ ከሁላችንም ቀድመው ወጡ። ሁመድ ዘወር ብሎ «እናንተ ሰዎች፣ እስረኛው ሊያመልጣችሁ ነው!» ሲል መርማሪው ትንፋሻቸውን ለማግኘት እየታገሉ «ጮክ ብለህ ቁም በለው» አሉ። አቶ ፍቅሬ ቆሙ። ወደ ታች ተመልሰው ለመርማሪው ውሃ አቀበሉ። «ቀስ ይበሉ ልጄ፤ ተራራው የትም አይሄድም» አሏቸው። በላንድሮቨሩ ያተረፍነውን ጊዜ መርማሪው በዕረፍት ስለ ጨረሱት ጫፍ የደረስነው በዕቅዱ መሠረት በ3 ሰዓት ነው። አፈጻጸሙ መቶ በመቶ መሆኑን ለዕቅድ ክትትል ክፍሉ ማሳወቅ ይቻላል።

ከጫፍ ላይ ስንደርስ ምንም አልነበረም። ከባሕሩ የተነሣው ጭጋግ ከበረሃው አቧራ ጋር ተደባልቆ ከተማውንም ወደቡንም ሸፍኖታል። እጄን ስዘረጋ ጣቶቼን አያለሁ፤ ከጣቶቼ ወዲያ ነጭ ነው። አቶ ፍቅሬ እየዞሩ በአራቱም ማዕዘን ቆሙ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት» አሉ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ በልቤ አምላኬን አመሰገንኩ። የሰው ምኞት ሲበላሽ እያዩ ደስ መሰኘት ነውር መሆኑን ባውቅም ደስ ብሎኛል።

መርማሪው ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ ብዕራቸውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ጻፉ፤ ከተራራው ጫፍ ላይ በተደረገው ምርመራ መርከብም፣ ደሴትም፣ ጋንም በዓይን የማይታይ፣ ስለዚህም የማይቆጠር መሆኑ ተረጋግጧል። ሁላችንም ፈረምን፤ ሁመድ አሻራውን አደረገ። ሰዓታቸውን አዩና «የቦታ ምርመራው ከጧቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ተዘግቷል» አሉ። ከዚያ ሰርዲኑ ተከፈተ።

ሰርዲኑ ግማሽ እንደ ደረሰ ነፋሱ ዞረ። ከዚህ በኋላ ስላየሁት ነገር መርማሪው አልጠየቁኝም፤ ያልተጠየቅሁትንም አልመሰክርም። የሰማሁትን ግን ጆሮዬ አይከደንምና እናገራለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ኮንስታብሉን ነው። «ወይ አምላኬ!» አለ፤ ዳቦውም ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ ሃምሳ አለቃ ይልቃል «ያቺ የእኛ ጣቢያ አይደለችም? አቤት ስታንስ!» አሉ። ይህን ሐረግ አትጻፊው ብለውኛል፤ ሲሉኝ ግን ተመትቶ አልቋል። ኮንስታብሉ «ጌታዬ፣ መርከቦቹ…» ብሎ ሲጀምር «የምን መርከብ? ምርመራው ተዘግቷል። ያለነው ሽርሽር ላይ ነው» አሉት። ሁመድ «ዓይን ላለው ይታያል ብያችሁ ነበር» አለ።

አቶ ፍቅሬ «ሃምሳ አለቃ፣ ጣሪያዬን በጣቴ ብጠቁም ያስጠይቀኛል?» ሲሉ ሰማሁ።

«ይጠቁሙ አባባ።»

«ያቻትና። ሰማያዊ በርሜል ያለባት። እቴናት የሰቀለችው የልብስ ገመድ እንኳ አለ…» አሉ። ቀጥለውም «ወረቀቴን ቢሰጡኝ» አሉ።

«ወረቀቱ ኤግዚቢት ነው።»

«ምርመራው ተዘግቶ የለ?»

ማኅደር ሲከፈትና ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። የብዕርም ድምፅ ሰማሁ።

«ሌላውን ባዶ ልተወው?»

«ባዶ ይተውት። ሌላው የመንግሥት ነው።»

«ቤቱም እኮ የመንግሥት ኪራይ ነው፤ ጣሪያውም ቢሆን…»

«እሱን አልሰማሁም፣ አባባ። ይፈርሙ።»

አቶ ፍቅሬም ጣሪያውን ብዛት አንድ፣ ሁኔታው የዛገ፣ በዓይን ተረክቤአለሁ ብለው ፈረሙ። ይህን ያወቅሁት ሲፈርሙ አይቼ ሳይሆን፣ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው እያነበቡ ስለሚፈርሙ ነው። ከዚያ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ። መርማሪውም ሲናፈጡ ሰማሁ፤ እሳቸው ግን አቧራ ነው ብለዋል። በ4 ሰዓት በዕቅዱ መሠረት ወረድን።

መርማሪው ቃሌ ከቦታ ምርመራው ጋር የሚስማማ ከሆነ ተጠርጣሪው ዛሬውኑ እንደሚለቀቁ ነግረውኛል። ተስማምቷል አልተስማማም ብዬ ዞር ብዬ ሳያቸው ራሳቸውን ነቅንቀዋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። አቶ ፍቅሬ ከዚህ ክፍል ውጭ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የጣቢያውን የበር ማጠፊያ ቡሎን ጎድሎታል እያሉ ለኮንስታብሉ ሲነግሩት ይሰማኛል። ከእሑድ ወዲህ ትንፋሼን ይዤ ስመላለስ የከረምኩት እኔ አሁን ትንፋሼን ለቅቄአለሁ። ይህም ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ባይኖረውም ተመትቷል።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ከአፌ ወጥቶ በእጄ የተመታ ነው። የጨመርኩበት የለም፤ የቀነስኩት ቢኖር ሰርዲኑ ግማሽ ከደረሰ በኋላ ያየሁትን ብቻ ነው። ሐሰት ተናግሬ ብገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ መርማሪውም ከትከሻዬ በላይ አንብበው አምነውበት፣ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዘውድነሽ አሥራት
የመርማሪ ፊርማ፦ ሃ/አ ይልቃል ወልዴ

ግልባጭ፦
- ለወ/ሪት ባዩሽ ፍቅሬ
ደሴ
- ለቀበሌ ጽሕ

(በመርማሪው እጅ የተጻፈ) ምስክሯ ሁለተኛው ግልባጭ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ከመኪናው ስቤ አውጥቻለሁ። ተጠርጣሪው ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ30 የጫማ ማሰሪያቸውን፣ ባርኔጣቸውንና አንድ ቅጠል ሞዴል 19 ቆጥረው ተረክበው በነፃ ተለቅቀዋል። ሁለተኛው ግልባጭ ይቅር። የመጀመሪያው ይሂድ፤ አቶ ፍቅሬ ቅዳሜ ራሳቸው ሊያደርሱት በፊርማ ተረክበዋል። ሃ/አ ይልቃል።